ቀልዱን አራግፈሽ አምጪው

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያጣችሁ ከኋላ ያሉት የድምፅ ዕቃ ሣጥኖች ላይ ተቀመጡ፤ የድምፅ ባለሙያችን ለዛሬ ብቻ ፈቅዷል። ፊቱን አትዩት፣ ፈቅዷል።

ጋሼ፣ እንደ ሙሽራ መሃል ላይ አስቀምጠን ስናፈጥብዎት ምን ያህል እንደጨነቀዎት ይገባኛል። "ንግግር ምናምን የሚባል ነገር እንዳይኖር" ብለው ነበር፤ እኛም እሺ ብለንዎት ነበር። ግን እኮ እርስዎም ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ "አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ልበል" ብለው እየጀመሩ የስንታችንን ምሳ ሰዓት በልተዋል። ዛሬ ተራው የእኛ ነው፤ ቁጭ ብለው ይስሙ።

እንድናገር የመረጠኝ የለም፤ ለምኜ ነው። ለእርስዎ እንዳደርስ የተሰጠኝ አደራ አለ። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ይዤው ዞርኩ። ስንት ጊዜ ቢሮዎ በር ድረስ መጥቼ፣ ፊትዎን ሳይ አንድ ቀልድ ጣል አድርጌ ተመልሻለሁ። ከነገ ጀምሮ ጡረታ ወጥተዋል፣ ያ ቢሮ ይዘጋል፤ እኔም ማምለጫ የለኝም። ሳላደርሰው ከዚህ መድረክ አልወርድም። እሺ፣ መድረክ አይደለም፤ ከዚህ ምንጣፍ አልወርድም። ልብ እስካገኝ ድረስ ግን ፊት ለፊትዎ ትንሽ ልማዎት።

እርስዎ እዚህ ቤት የመጡ ቀን እኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ስለዚህ የምናገረው ዳይሬክተራችን የነገሩኝን ነው፤ ውሸት ካለበት ወደ እሳቸው። ያኔ ይሄ የፊልም ቤታችን ከጫማ መሸጫ በላይ ያለች ሁለት ክፍል ነበረች አሉ። ሦስት ጸሐፊዎች የመጀመሪያውን የፍቅር ኮሜዲ በእጃቸው ጽፈው እንደጨረሱ፣ ታይፒስቷ ልትወልድ ሆስፒታል ገባች። "ለሦስት ሳምንት የሚሠራ ታይፒስት እንፈልጋለን" ተብሎ በር ላይ ተለጠፈ። አንድ ቀጭን ሰውዬ የታላቅ ወንድሙን ኮት ለብሶ መጣ።

"ፈጣን ነህ?" አሉት ዳይሬክተራችን።

"ፈጣን አይደለሁም። ግን አልሳሳትም።"

ለሦስት ሳምንት የመጣው ሰውዬ ይኸው ዛሬ መውጣቱ ነው። "አልሳሳትም" ያለው ሰውዬ ደግሞ ገና በሦስተኛው ቀን የዚህን ቤት ትልቁን ስህተት ሠራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታሪኩና ንግግሩ በሰማያዊ እስክሪብቶ ነበር የተጻፈው። ቀልዶቹ ደግሞ በቀይ፣ በየወረቀቱ ዳር ዳር። ጋሼ ሰማያዊውን ብቻ ተየቡት። ቀዩን አልነኩትም።

"ቀልዶቹስ?" አሉ ዳይሬክተራችን።

"የትኞቹ ቀልዶች?"

"ቀዩ ነዋ! አርባ ስድስት ቀልድ!"

"እሱ? እሱማ እናንተ እርስ በርሳችሁ ስትጫወቱ የጻፋችሁት መስሎኝ። ሰው በጨዋታ የጻፈውን እንዴት እተይባለሁ? ነውር ነው ብዬ ነው።"

አንደኛው ጸሐፊ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ዳይሬክተራችን ግን ወረቀቱን አላስቀመጡትም፤ ማንበብ ቀጠሉ። ታሪኩ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ሴት ስለወደደ ልጅ ነው። እሷን ለማየት ሲል በየቀኑ እየሄደ ፕላስተር ይገዛል። እንዳይነቃበት አንድ ጣቱ ላይ ለጥፎ ይመጣል። በአሥራ አንደኛው ቀን "ዛሬስ የቱ ጣትህ ነው?" ትለዋለች። ልጁ እጆቹን ዘርግቶ ያያቸዋል። አሥሩም ተለጥፈው አልቀዋል። "ነገ ምን ብዬ ልምጣ?" ይላታል።

እዚች ቦታ ላይ በቀይ የተጻፉ አምስት ቀልዶች ነበሩ፤ ስለ መድኃኒት ቤቱ ባለቤት ቦርጭ፣ ስለ ሳል ሽሮፕ፣ ስለምን ስለምን። እነሱ ሲቀሩ ልጁ እጁን እንደዘረጋ ብቻውን ታየ። ዳይሬክተራችን መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ዓይናቸውን ጠረጉ። "ይሄ ልጅ እኮ አንጀት ይበላል" አሉ። "አርባ ስድስት ቀልድ ጭነንበት አላየነውም ነበር።" ከዚያ ቀልዶቹን አንድ በአንድ እየጠሩ፣ ታሪኩ የፈለጋቸውን ብቻ መለሱ። አሥራ ዘጠኙ ገቡ፤ ሃያ ሰባቱ ቀሩ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው ይሄ ነው። ታይፒስቱም ከዚያ በኋላ ታይፕ ላይ አልተቀመጠም፤ ስክሪፕት አራሚ ሆነ።

ለእኛ በኋላ ለመጣነው ያ ስህተት ሕግ ሆኖ ነው የደረሰን። የፈለገ ስም ያለው ጸሐፊ ይምጣ፣ የጋሼ የመጀመሪያ ቃል አንድ ነው፦ "ቀልዱን አራግፈሽ አምጪው።" ታሪኩን ብቻ ይዘሽ ትመጪያለሽ። ቀልዱ ከረገፈ በኋላም ሁለቱ ሰዎች ከተፈላለጉ፣ አንዳቸው እንዳያጣው የሚፈራው ነገር ካለ፣ ያኔ ቀልዶቹ በየተራ ይጠራሉ። እያንዳንዱም እንደ ሥራ ፈላጊ ይጠየቃል። "አንተን ማን ላከህ? የልጁ ፍርሃት ነው? የልጅቷ ቅናት ናት? ወይስ ጸሐፊዋ?" ጸሐፊዋ ከሆነች በመጣበት እግሩ ይመለሳል። በዚህ የተነሳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ በሌሉበት ስምዎ "ጋሼ አራግፍ" ነው። ያውቁት ነበር? ማን ነገረዎት? ባለቤትዎ? እትዬ! ሚስጥር ነው ብዬ አልነበረም እንዴ የነገርኩዎት?

ደግሞ አነባበባቸው! የፍቅር ንግግር ሲያነቡ ሰምታችሁ ለማታውቁ እንግዶች፣ "ያላንቺ መኖር አልችልም" የሚለውን ልክ ውኃ ቆጣሪ እንደሚያነብ ሰው ነው የሚያነቡት። አንድ ቀን አንዷ ተዋናይት አላስችል ብሏት "ጋሼ፣ በናትዎ ትንሽ ስሜት ይጨምሩበት!" አለቻቸው። "ስሜቱ ወረቀቱ ላይ ከሌለ እኔ ከየት ላምጣው?" አሏት። የነደደው ጸሐፊው ነው። በነጋታው ትዕይንቱን እንደ አዲስ ጽፎ መጣ። በዚያው በውኃ ቆጣሪ ድምፅ ሲያነቡት ተዋናይቷ እንባዋ መጣ፤ እኛም ተያየን።

እስቲ ጋሼ ሲስቁ ያየ ሰው እጁን ያውጣ። አንድ፣ ሁለት። አንተ አውርድ፣ አንተ ያየኸው ሲያስላቸው ነው። ይኸውላችሁ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ኮሜዲ ሲሠራ በኖረ ቤት ውስጥ ሳቃቸውን ያየ አንድ ሰው ነው። እኛ መነጽራቸውን ማየት ለመድን። አውልቀው ከጠረጉት ቀልዱ ነፍስ አለው ማለት ነው። "እስቲ ሻይ እንጠጣ" ካሉ ትዕይንቱ ታሟል። ሁለተኛ ሻይ ካዘዙ ዘመድ ይጠራ። ሦስተኛ ሻይ የደረሰ ስክሪፕት በዚህ ቤት ታሪክ አንድ ብቻ ነው፤ ጸሐፊዋን አክብሬ ስሟን አልጠራም፤ እኔው ነኝ። አንድ ቀን እትዬን "ቤትስ ይስቃሉ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "ቤትማ መነጽሩን ሲጠርግ ነው የሚውለው" አሉኝ። እትዬ፣ ያቺን መልስ ስክሪፕት ውስጥ ከትቻታለሁ፤ አሁን ነው ፈቃድ የምጠይቅዎት።

ጋሼ ወደቁ የተባለውንም ልንገራችሁ፤ አዲሶቹ ልጆች በወሬ ነው የሚያውቁት። እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው። አንዱ ጸሐፊያችን ዋናውን ገጸ ባሕሪ ከደረጃ ላይ ጥሎታል።

"ለምን ወደቀ?" አሉ ጋሼ።

"እንዲያስቅ ነዋ።"

"ሰው እንዲሳቅለት ብሎ አይወድቅም። አንድ ነገር ሊደብቅ ሲል ነው የሚወድቀው።"

ልጁ አልገባውም። ጋሼ ተነሱ። አንዲት ወረቀት አጠፉ፣ ደብዳቤ ናት ብለው። ለሚወዳት ልጅ ጽፎ፣ ሳይሰጣት ልጅቷ ድንገት ስትገባበት ምን እንደሚሆን ሊያሳዩን ነው። በዚያው ቅጽበት ዳይሬክተራችን እውነትም በሩን ከፍተው ገቡ። ጋሼ ደብዳቤዋን ከጀርባቸው አድርገው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዱ። ወንበሩ ሄደ፣ የቆሻሻ ቅርጫቱ ሄደ፣ ጋሼም ሄዱ። እኛ በሳቅ ሞትን። ከመሬት ሆነው፣ አንድ ጫማቸው ወልቆ፣ እጃቸውን ከጀርባቸው ሳያወጡ "ደብዳቤዋን ግን አላየቻትም" አሉን። ልጁ ያን ጊዜ ገባው። ያ ትዕይንት በኋላ ሲታይ አዳራሹ እንዴት እንደተናጋ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ።

እሺ። አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

እዚህ ቤት ከመግባቴ በፊት መምህር ነበርኩ፤ ጂኦግራፊ። ትቼው ፊልም ልጽፍ ስነሳ አባቴ ተቆጣ። እናቴ ቀድማ ስላረፈች እሱና እኔ ብቻ ነበርን። አባቴ መኪና መንዳት አስተማሪ ነበር። ሠላሳ ምናምን ዓመት ከተማሪ ጎን ተቀምጦ ኖሯል። "ሰው ልታስቂ ነው ያስተማርኩሽ?" አለኝ። እኔም አፌን አልያዝኩም። "አንተ ሰው ማስቆም እንጂ ምን ታውቃለህ!" ብዬው በሩን ዘግቼበት ወጣሁ። አራት ወር አልተነጋገርንም። እኛ ቤት ኩራት ራት ነው፤ ሁለታችንም እሱን እየበላን ከረምን።

በነዚያ አራት ወራት ነው እዚህ ቤት የመጀመሪያ ስክሪፕቴን የጻፍኩት። አንዲት ልጅ የወደደችውን ሰው ወደ ቤት ይዛ ትመጣለች። የልጅቷ አባት መኪና መንዳት አስተማሪ ነው። አስተማሪ የሚቀመጥበት ወንበር ሥር የራሱ ፍሬን አለው፤ እሱን መርገጥ የለመደ እግር ሳሎንም ውስጥ አያርፍም። እጩ አማች አንድ ደፋር ነገር በተናገረ ቁጥር የአባትየው ቀኝ እግር ወለሉን ይረግጣል። ጎረምሳው "ልጅዎን እወዳታለሁ" ሲል፣ ርግጥ። "በሚቀጥለው ወር ልንጋባ" ሲል፣ ርግጥ፣ ርግጥ። ይሄ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲነበብ ሰው ሁሉ እየሳቀ ተንፈራፈረ። እኔም ድል እንዳደረገ ሰው ደረቴን ነፋሁ። እውነቱን ልናገር፣ እልኬን ነበር የጻፍኩት። ከተማው ሁሉ እንዲስቅበት ፈልጌ ነበር።

ጋሼ መነጽራቸውን አልነኩም። ሻይም አላሉም። "ነይ እስቲ" አሉኝና ቢሮ ገባን።

"ይሄን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?"

"ኧረ ፈጠራ ነው።"

"የቀኝ ጫማው ሶል ከግራው ቀድሞ ስለሚያልቅ ጫማ ሠሪ ጋ የቀኙን ብቻ ይዞ እንደሚሄድ ጽፈሻል። ይሄ አይፈጠርም።"

"አባቴ ነው" አልኳቸው።

"ትነጋገራላችሁ?"

"አራት ወራችን።"

አልመከሩኝም፣ አልተቆጡኝም። "እግሩ ለምንድን ነው የሚረግጠው?" ብቻ አሉኝ።

"ልማድ ነዋ፣ ጋሼ።"

"ልማድማ ማን የሌለው አለ። ምን ፈርቶ ነው?"

"እኔ ምን አውቄ!"

"አየሽ፣ ስለማታውቂ ነው የሳቅሽበት። ሂጂና ጠይቂው።"

"ጋሼ! ስክሪፕቱ እኮ አርብ ነው የሚገባው!"

"አርብ አይገባም።"

ዳይሬክተራችን ሲጠይቋቸው ምን እንዳሉ ታውቃላችሁ? "ወረቀቱ ጠፋብኝ።" እስከዚያን ቀን ድረስ በሃያ አንድ ዓመት አንዲት ገጽ ጠፍታባቸው የማታውቅ ሰው! ዳይሬክተራችንም ውሸት መሆኑን እያወቁ "እንግዲህ ከጠፋ ምን ይደረጋል" ብለው አለፉት። እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ ዳይሬክተር። ለእርስዎም ተናግሬው አላውቅም።

ሄድኩ። አባቴ በሩን ከፈተልኝ። ሰላም አልተባባልንም። "ምሳ በልተሻል?" አለኝ። አልበላሁም አልኩት። በላን። ሳህኑን አንስቼ ስመለስ፣ ማስታወሻ ደብተሬን እንደ ጋዜጠኛ ይዤ፣ "አባዬ፣ እግርህ ለምንድን ነው የሚረግጠው?" አልኩት።

መጀመሪያ እግሩን አየው፣ ዛሬ የመጣ እንግዳ ይመስል። ከዚያ እኔን አየኝ።

"እኔ በምቀመጥበት በኩል መሪ የለም" አለ። "መሪው ተማሪው እጅ ነው። ወዴት እንደሚሄድ እሱ ነው የሚያውቀው። እኔ ያለኝ ፍሬን ብቻ ነው።" እግሩን ሰብሰብ አደረገና "አንቺም መሪውን ከያዝሽ ቆየሽ" አለኝ።

ደብተሩ ላይ ምንም አልጻፍኩም። አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። እሱም "በቃ፣ በቃ" እያለ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ።

ተመልሼ ስክሪፕቱን አራገፍኩት። በአባትየው ላይ የደረደርኳቸው የስድብ ቀልዶች ሁሉ ወጡ። እግሩ ግን ቀረ። እሱ ብቻ ቀርቶ ከደረደርኩት ቀልድ ሁሉ የበለጠ አሳቀ። ፊልሙ የተመረቀ ቀን ጋሼ ሆን ብለው ይሁን ሳያውቁ አባቴ ጎን ተቀመጡ። ጎረምሳው "ልጅዎን ይስጡኝ" ሲል የተዋናዩ እግር ረገጠ፤ የአባቴም እግር አብሮ ረገጠ። ከአዳራሹ ሁሉ ቀድሞ የሳቀው እሱ ነው። ወደ ጋሼ ዞሮ "ያ እኔ ነኝ" አላቸው፣ በኩራት። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ፊልሙ እስኪያልቅ መልሰው አላደረጉትም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሥራችን ብዙ መጻሕፍት አንብቤያለሁ፣ ስልጠናም ገብቻለሁ። የሚያስቅ ነገር ለመጻፍ ሰውየው ምን እንደፈራ ሄዶ መጠየቅ እንደሚያስፈልግ የነገረኝ ግን እርስዎ ብቻ ነዎት። ከጠየቅሽው በኋላ ደግሞ ልትንቂው አትችይም። ይሄንን ነው እዚህ ያለነው ሁሉ ከእርስዎ የወሰድነው። እዚህ ቤት ገብቶ ተንቆ የወጣ ሰው የለም፤ በፊልሙም፣ በቢሮውም።

አሁን አደራውን ላድርስ። ትንሽ ውኃ ስጡኝ።

አባቴ ያረፈው የዛሬ አንድ ዓመት ከሁለት ወር እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ አስተዛዝናችሁኛል። ሊያርፍ አራት ቀን ሲቀረው፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ፣ ወንበሬን ቀረብ አድርጊው አለኝ። እንዲህ አለ፣ ቃል በቃል ነው የምነግርዎት፣ ጋሼ።

"ያንን 'ሂጂና ጠይቂው' ያለሽን ሰውዬ አመስግኚልኝ። እነዚያን አራት ወራት ስልኩን አንስቼ መልሼ እያስቀመጥኩ ነው ያሳለፍኩት። ቀድሜ አልደውልም ነበር፣ ራሴን አውቀዋለሁ። እሱ ባይልክሽ ኖሮ እንደተኳረፍን እሞት ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ልጄን ከፊት ለፊቴ አስቀምጬ ምሳ የበላሁት በእሱ ነው በይው።"

ይሄው ነው። አደራዬን አድርሻለሁ። እስከ ዛሬ ያልነገርኩዎት ስለረሳሁ አይደለም። ከነገርኩዎት በኋላ ከአባቴ የሚቀረኝ ሥራ አይኖርም ብዬ ፈርቼ ነው። እርስዎ ፊት ፍርሃትን መደበቅ ደግሞ እንደማያዋጣ ማወቅ ነበረብኝ።

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። በአባቴም ስም፣ በራሴም ስም። አያልቅሱ እንጂ! እትዬ፣ እባክዎ እጃቸውን ይያዙልኝ።

ብርጭቆ ያላችሁ አንሱ፤ የሌላችሁ የጎረቤታችሁን ተጋሩ። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ጧት የሚነሱበት ምክንያት አይጥፋብዎት። እትዬ ከጎንዎ አይለዩ። የልጅ ልጆችዎ ቤቱን ይሙሉት፤ ወረቀትዎን ግን አይንኩብዎት። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። እሑድ እሑድ አሁንም እጄ ለምዶ ምሳ የምሠራው ለሁለት ሰው ነው። የሁለተኛውን ሳህን ሳየው አንስቼ መመለስ ያቅተኛል። ለሦስት ሰው መሥራት አይከብደኝም፤ ከእትዬ ጋር ኑልኝ። ጡረታ የወጣ ሰው "እሑድ ሥራ አለብኝ" ማለት አይችልም።

በሉ እንጠጣ፤ ለጋሼ!

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጋሼ። በሩን ከፍቼ ነው የምጠብቅዎት።